እናትየዋን አሳዩኝ

ቡችላ ሊገዛ የመጣ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። «ፒውር ነው?» ይላል መጀመሪያ። ከዚያ «ጆሮው መቼ ይቆማል? አባቱ ኃይለኛ ነው? ክትባት ጨርሷል?» እያለ ይቀጥላል። መዳፉን ጨበጥ አድርጎ «ይሄ እንኳ ግዙፍ ነው የሚሆነው» ይልና ወደ ዋጋ ይገባል። በእንስሳት ሕክምና ሙያ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ንግግር ስሰማው ኖሬያለሁ። ስለ እናቱ የሚጠይቅ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ዕድሜዋ ስንት ነው? ስንተኛ ወሊዷ ነው? የት ታድራለች? ከወለደች ወዲህ ምን እየበላች ነው? እኔም ራሴ ለረጅም ጊዜ አልጠየቅሁም። ከገዢውም ከሻጩም ይልቅ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሐኪሙ እኔ ነኝና። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዝምታዬ በአንዲት ውሻ ላይ ምን እንዳስከተለ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስንማር ልባችን ላምና በሬ፣ በግና ፍየል፣ ዶሮ ላይ ነበር። የአገሩ ኑሮ የቆመው በእነሱ ላይ ስለሆነ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ገብቼ ሥራ ስጀምር ግን እንጀራዬ ከውሻ ጋር ተያያዘ። ከተማው በአያት፣ በሰሚት፣ በለቡ በኩል እየሰፋ ነው። አዲስ ግቢ በታጠረ ቁጥር፣ መጋዘንና ግንባታ በበዛ ቁጥር የጥበቃ ውሻ ፈላጊም ይበዛል። ፈላጊው ሁሉ የሚጠራው ስም ደግሞ አንድ ነው፤ «ጀርመን»። ጀርመን ሸፐርድ ማለቱ ነው። (የሐበሻ ውሻ ለጥበቃ አይሆንም ሲሉ አልስማማም። ባገኘው የሚያድር፣ የቤቱን ሰው ከባዳ የሚለይ ብርቱ ውሻ ነው። ገበያው ግን እኔን አይሰማም።)

ጀርመን ሸፐርድን እንደ ዝርያ ያቆመው ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዛ፤ በዚያው ዓመት የዝርያው ማኅበር ሲቋቋም የሆራንድን ስም በመዝገቡ የመጀመሪያ ተራ ላይ አሰፈረ። የዘሩ ምንጭ የበግ እረኛ ውሾች ናቸው። የዝርያው የታወቀ ድካም ዳሌው ነው። የጭኑ አጥንት ጫፍ በዳሌው ማቀፊያ ውስጥ በደንብ ሳይገጥም ይቀርና ውሻው ገና በጉልምስናው ከመሬት ለመነሳት የሚቸገር ይሆናል። በሽታው በዘር ይተላለፋል። ለዚህ ነው በጀርመን ማኅበሩ እናትና አባት የዳሌ ራጅ ሳይነሱ ለርቢ የማያጸድቃቸው። እኛ ዘንድ ውሻው መጣ፤ ደንቡ እዚያው ቀረ።

ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። አንዲት ጀርመን በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ቡችሎቹ በቴሌግራም፣ በደላላ፣ አንዳንዴም በካርቶን ተይዘው መንገድ ዳር ይሸጣሉ። የአንዱ ቡችላ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከዘበኛው የወር ደመወዝ ይበልጣል። ወንድ ውሻ ያለው ሰው ለስሪያው ገንዘብ ይቀበላል፤ ካልሆነም ከሚወለዱት አንዱን መርጦ ይወስዳል። ወንዱ ቡችላ ለጥበቃ ይፈለጋል። ሴቷን የሚገዛት ደግሞ «ይቺ ለመውለጃ ትሆነኛለች» ብሎ ነው የሚገዛት። የእሷ ዕጣ የሚቆረጠው ገና ዓይኗ በተገለጠ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው።

አሁን ስሌቱን እንየው። ሴት ውሻ በአማካይ በየስድስት ሰባት ወሩ ለስሪያ ትደርሳለች። እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። ቡችሎቹ ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው ከእሷ ጋር መቆየት አለባቸው። ሁለቱ ሲደመሩ አራት ወር ያህል ነው። ደም ባሳየች ቁጥር የሚያስጠቃት ባለቤት እንግዲህ ለሰውነቷ የሚተውላት ሁለት ወይም ሦስት ወር ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከአጥንቷ የወጣውን ካልሲየም፣ ከጎኗ ያለቀውን ሥጋ፣ የረገፈውን ፀጉር መልሳ እንድትሞላ ይጠበቃል። ያውም በምን ምግብ? ከሥጋ ቤት በሚገዛ ሳንባና በቤት ፍርፋሪ ነው። ሳንባ ሆድ ይሞላል፤ ነገር ግን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ለሚያጠባ እንስሳ ብቻውን ሲሰጥ ጉዳት ነው።

ከደንበኞቼ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ልጆቻቸውን በሥርዓት ያሳደጉ፣ ሒሳቤን በሰዓቱ የሚከፍሉ፣ ቡና ሳልጠጣ የማይሸኙኝ ሰው ናቸው። ላይካ የምትባል ጀርመን ነበረቻቸው። እሷ በወለደች ቁጥር ይደውሉልኛል። ስደርስ ቡችሎቹ ታጥበው በረንዳው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎላቸው ይጠብቁኛል። አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ፤ ልባቸውን አዳምጣለሁ፤ ድዳቸውን አያለሁ፤ የትል መድኃኒትና ክትባት ሰጥቼ በየካርዳቸው ላይ እፈርማለሁ። ያ ካርድ ለሻጩ ትልቅ ነገር ነው። «ዶክተር ያየው ነው፤ ፊርማው ይኸው» ይባልበታል።

ላይካ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለ ቦታ ትታሰር ነበር። በረንዳው ላይ ሆኜ ሰንሰለቷ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ እሰማለሁ። አንዳንዴ ቡችላ ሲጮኽ አብራ ትጮኻለች። አንድ ቀን እንኳ ተነስቼ «እስቲ እናትየዋንም ልያት» አላልኩም። የተጠራሁት ለቡችሎቹ ነው፣ የሚከፈለኝም በቡችላ ቁጥር ነው ብዬ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ።

አንድ ማታ ጋሼ ደወሉ። «ዶክተር፣ ላይካ መርዝ ሳትበላ አልቀረችም፤ ትንቀጠቀጣለች» አሉኝ። ስደርስ በጎኗ ተጋድማለች። አራቱም እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ መንጋጋዋ ተቆልፏል፤ ለሃጯ ወርዶ ከአንገቷ ስር ሲሚንቶውን አርሶታል። ትንፋሿ ከመፍጠኑ የተነሳ አይቆጠርም። ቴርሞሜትሩ ከ41 ዲግሪ በላይ አሳየ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆናም ስምንቱ ቡችሎች ጡቷ ላይ ተጣብቀው ይጠባሉ። ጥፍራቸው የጡቷን ዙሪያ ቧጥጦት ቆስሏል። በእጅ ባትሪ ሳበራባት የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል፤ የጀርባዋ ፀጉር በየቦታው ረግፏል፤ የጅራቷ ሥር ሾሏል።

መርዝ አልነበረም። የሚያጠቡ ውሾች ላይ የሚመጣ፣ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ክፉኛ ሲቀንስ የሚነሳ መንቀጥቀጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ወተቷ በብዛት በሚወርድበት ወቅት ነው። ቡችሎቹ ብዙ ሲሆኑና ምግቧ ሲጎድል ሰውነቷ ለወተቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከራሷ ደም ይወስዳል። በሰዓታት ውስጥ ካልታከመች ትሞታለች። ቡችሎቹን ከጡቷ አላቀን ወሰድናቸው። የፊት እግሯ ላይ ደም ሥር ፈልጌ ካልሲየም ግሉኮኔቱን በዝግታ መስጠት ጀመርኩ። በአንድ እጄ መርፌውን እየገፋሁ በጆሮዬ ልቧን አዳምጣለሁ፤ ምክንያቱም ካልሲየም በፍጥነት ከተሰጠ ልብን ያቆማል። የልቧ ምት ሲዘገይብኝ አቆማለሁ፤ ሲስተካከል እቀጥላለሁ። ቀስ በቀስ እግሮቿ ላሉ፤ መንጋጋዋ ተፈታ። አንገቷን ቀና ማድረግ እንደቻለች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሆዷን ማሽተት ነበር፤ ቡችሎቿን እየፈለገች ነው።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ይሄ ስንተኛ ወሊዷ ነው?» አልኩ። እሳቸው ጥቂት አሰብ አሰብ አደረጉ። መልሱ የመጣው ባትሪውን ይዛልኝ ከቆመችው የቤት ሠራተኛ ነው። «አምስተኛዋ ነው ዶክተር። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ሦስቱን አይቻለሁ» አለችኝ። ላይካ አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። መጀመሪያ ያስጠቋት ራሷ ገና በማደግ ላይ ሳለች ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አሁንስ ማረፍ አለባት» አልኳቸው። «እንዴታ ዶክተር! ታርፋለች እንጂ» አሉኝ። ምን መብላት እንዳለባት ነገርኳቸው፤ ቡችሎቹን በጡጦ እንዲረዷቸው አሳየኋቸው፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ቁርጥ ያለ ቃል አልተናገርኩም። «እንደገና ብታስጠቋት ትገድሏታላችሁ፤ እኔም ከእንግዲህ ለዚህ ቤት ቡችላ አልፈርምም» ማለት ነበረብኝ። ያላልኩበትን ምክንያት አልደብቅም፤ ጥሩ ደንበኛ ነበሩ። በዓመት ሁለቴ ስምንት ስምንት ቡችላ የሚያስከትብ ሰው ማጣት አልፈለግሁም። ትልቅ ሰው መናገርም ከበደኝ። ይሉኝታው ግማሽ፣ ገንዘቡ ግማሽ ነው።

አላረፈችም። ደም ስታሳይ አስጠቋት። እኔ የሰማሁት ምጥ ጠንቶባት ሲደወልልኝ ነው። ከጠዋት ጀምራ ስታምጥ ውላ አድራለች። በመሀል አንድ ዘመድ «መርፌ ይረዳታል» ብሎ ኦክሲቶሲን አምጥቶ ወግቷት ነበር፤ አልሆን ሲል ደገመው። ኦክሲቶሲን ማህፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው። በሐኪም እጅ፣ በልኩና በጊዜው ሲሰጥ ይጠቅማል። ቡችላው ተጋድሞ መውጫውን ዘግቶ ሳለ ሲወጓት ግን ማህፀኗ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይጨመቅና ይቀደዳል። ይህን መድኃኒት ሐኪም ሳያዩ በየቤታቸው የሚወጉ አርቢዎች ከዚያም በኋላ ገጥመውኛል። እያንዳንዳቸው የሚሉት «ላለፈችው ሠርቶልኝ ነበር» ነው።

ሆዷን ስከፍት ማህፀኗ በአንድ በኩል ተቀድዷል። አንዱ ቡችላ ከማህፀኑ ውጪ ሆዷ ውስጥ ነበር። ሁለት በሕይወት አወጣን፤ የቀሩት ሞተዋል። የማህፀኑ ግድግዳ ከተደጋጋሚ እርግዝና የተነሳ ሳስቶ ነበር፤ ክር ሲያልፍበት አይይዝም፣ ይቀደዳል። ጠቅላላውን አወጣሁት። ላይካ ተረፈች። እሷ በመትረፏ የተሰማኝን ደስታ አስታውሳለሁ፤ አሁን ነፃ ወጣች፣ ከእንግዲህ ማንም አያስወልዳትም ብዬ ነበር።

ቁስሏን ላይ ስመለስ ጋሼ ያነሱት ጥያቄ ሌላ ነበር። «እንግዲህ ምን ትሠራልኛለች ዶክተር?» አሉ። ክፋት ባለው ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ ነው የጠየቁት። «ትጠብቃለች፤ ግቢዎን ታውቀዋለች» አልኳቸው። ከወራት በኋላ ሲደውሉልኝ እንደ ልማዱ ቡችሎች ሊያስከትቡ ነበር። በዚያን ቀን በረንዳው ላይ አልተቀመጥኩም፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄድኩ። በላይካ ሰንሰለት የታሰረችው ሌላ ናት። ወጣት ናት፤ ጡቷ ግን ከወዲሁ ተንጠልጥሏል። የላይካ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ደረቷ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ነው፤ በልጅነቷ የከተብኳት እኔ ነኝ። ያስጠቋትም ላይካን ባስጠቁበት በዚያው የጎረቤት ውሻ፣ በራሷ አባት ነበር።

«ላይካስ?» አልኩ።

ሠራተኛዋ ናት የነገረችኝ። በፒክአፕ ጭነው ከከተማ ውጪ ወስደው ለቀዋታል። «አንድ ቀን ሙሉ አልበላም ብላ ነበር። ሲጭኗት ግን ራሷ ነው ዘልላ የወጣችው» አለችኝ።

ከከተማ ውጪ የሚለቀቅ የቤት ውሻ ምን እንደሚገጥመው ለእኔ ምሥጢር አይደለም። የመንደር ውሾች ያባርሩታል፤ መኪና ይገጨዋል፤ ይራባል። አዲስ አበባም የባዘኑ ውሾችን በስትሪክኒን መርዝ ስትቀንስ የኖረች ከተማ ናት፤ የዚያን መርዝ አሟሟት ያየ ሰው አይረሳውም። ገዢ ያጡ ሴት ቡችሎችም እንዲሁ በየቱቦውና በየገደሉ ይጣላሉ። ክትባት ያላገኘ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ በበዛ ቁጥር የእብድ ውሻ በሽታም መሬት ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ለመግታት ከውሾች 70 በመቶውን መከተብ ያስፈልጋል ይላል። ዛሬ ጥለን ነገ የምናሳድዳቸውን እያበዛን ወደዚያ ቁጥር አንደርስም።

በዚያን ቀን ቡችሎቹን አልከተብኩም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በገዛ አባቷ ያስጠቋት የዚች ውሻ ልጆች ጤነኛ ናቸው ብዬ አልፈርምም» አልኩ። ተቆጡ። ሌላ ሐኪም እንደማያጡ ነገሩኝ፤ አላጡምም። ላይካን ፍለጋ በተጣለችበት አቅጣጫ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ የመንደሩን ልጆች ጠይቄአለሁ። አላገኘኋትም።

እንግሊዝ አገር የሆነውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሉሲ የምትባል የካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ዝርያ ትንሽ ውሻ ነበረች። ዌልስ ውስጥ ቡችላ በገፍ በሚፈለፈልበት ቦታ ለዓመታት ስትወልድ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚያ ወጣች። በጠባብ ቦታ ተዘግታ ከመኖሯ የተነሳ ዳሌዋ ደርቆ ነበር፤ አከርካሪዋ ጎብጧል፤ ፀጉሯ በየቦታው አልቋል። በደግ ሰው ቤት ጥቂት ዓመት ኖራ በ2016 ሞተች። በስሟ የተጠራው ሕግ ኤፕሪል 6 ቀን 2020 እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ነጋዴ ከሌላ አርቢ ያመጣውን፣ ስድስት ወር ያልሞላውን ቡችላ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገዢው በቀጥታ ካራባው ሰው ይገዛል፤ ያውም እናቱ ባለችበት። አለዚያም ከመጠለያ ይወስዳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 የወጣው የፈቃድ ደንብ ደግሞ ሴት ውሻ 12 ወር ሳይሞላት እንዳትጠቃ፣ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳትወልድ፣ በዕድሜዋም ከስድስት ጊዜ እንዳታልፍ ያዛል። ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ጨርሶ አትጠቃም።

የሉሲን ሕግ ዘመቻ ከፊት ሆኖ የመራው ማርክ አብርሃም የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። ይህን ሳነብ ንባቤን አቋርጬ ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። እሱ በሙያው ተጠቅሞ እናትየዋን ወደ ፊት አመጣት። እኔ በሙያዬ እሷን ከኋላ ትቼ ቡችሎቿን ሳስውብ ነበር።

አርቢዎች ስነግራቸው የሚሉኝን አውቃለሁ። «እንስሳ አይደለች? ለመውለድ ነው የተፈጠረችው» ይላሉ። እኔ ግን ያደግሁት ገበሬ የወለደች ላሙን እንዴት እንደሚይዝ እያየሁ ነው። አተላውን ከጨው ጋር ለእሷ ያደርጋል፤ እንገሩን ለጥጃዋ ይተዋል፤ ደግማ ስትከብድ ከመውለዷ በፊት እንድትነጥፍ ማለብ ይተዋል። ይህንን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ደንብ አውጥቶለት አይደለም፤ የማታርፍ ላም እንደማትከርም ስለሚያውቅ ነው። ከእሱ ቤት የተወለድን የከተማ ሰዎች ለውሻ ሲሆን ይህን ዕውቀት የት እንደጣልነው አላውቅም።

«ኑሮ ከበደ» የሚሉም አሉ። እሱ እውነት ነው፤ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ሒሳቡን ራሱን ደግመን ብናየው አያዋጣም። የከሳች እናት የምትወልዳቸው ቡችሎች ሲወለዱም ትንሽ ናቸው፤ ከመካከላቸው ብዙ ይሞታል። ቡችላ ከበሽታ መጀመሪያ የሚጠበቀው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት በሚያገኘው መከላከያ ነው፤ እሷ ካልተከተበችና አቅም ከሌላት የምትሰጠው የላትም። ከዚያ ደግሞ ገና በአምስት ሳምንቱ ከጡቷ ነጥቀው ይሸጡታል። ገዢው በሳምንቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ታቅፎ እየሮጠ ወደ እኔ ይመጣል። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ነው። ያን ጊዜ በቡችላው ላይ የምናወጣው ወጪ እናትየዋን ለወራት በደንብ ይቀልባት ነበር።

ወንዱን በየግቢው ማዞርም የራሱ መዘዝ አለው። በስሪያ የሚተላለፍ የውሾች ዕጢ አለ፤ ካንሰር ነው። የታመመው ውሻ የዕጢ ሕዋስ ራሱ ወደ ጤነኛዋ ተሻግሮ እዚያ ይበቅላል። አንድ የታመመ ወንድ ለብዙ ግቢ ይተርፋል። ደም የምታንጠባጥብ ውሻ አምጥተው «ፔሬዷ አልቆም አላት» የሚሉኝ ባለቤቶች አሉ፤ ሳያት ዕጢው አድጎ ወደ ውጪ ወጥቷል። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በየሳምንቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሰጣት አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች። ግን ከስሪያው በፊት ወንዱን አሳይቶ ያስመረመረ ባለቤት ስንት ነው?

አሁን ሥራዬን የምሠራው እንዲህ ነው። ቡችላ ለመከተብ ስጠራ መጀመሪያ እናትየዋን እመረምራለሁ፤ ለእሷ አላስከፍልም። ዕድሜዋንና ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ በካርዱ ጀርባ እጽፋለሁ፤ ገዢው እንዲያነበው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት አታስጠቋት እላለሁ፤ በወለደች በዓመቱ ካልሆነ አትድገሙ፤ ሦስቴ ከወለደች ይብቃት እላለሁ። ይህ የእኔ ልክ ነው፤ ከእንግሊዞቹ ልክ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የምትበላውን አውቃለሁ። ማስወለድ የማይፈልግ ሰው ከሆነ ማህፀኗን እንዲያስወጣላት እመክራለሁ። ከስሪያ ጊዜዋ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚመጣ፣ ማህፀን መግል የሚቋጥርበት በሽታ አለ፤ ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፣ ምግብ የዘጋት ውሻ አምጥተው ያመለጠችኝ አለች። ኦፕራሲዮኑ ከዚያም ከጎዳና ቡችላም ይገላግላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ያልተስማሙ ደንበኞች ትተውኝ ሄደዋል። የቀሩት ይበቁኛል።

ቡችላ ልትገዙ ያሰባችሁ እባካችሁ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት «እናትየዋን አሳዩኝ» በሉ። «ዘመድ ቤት ናት»፣ «ኃይለኛ ስለሆነች አትቀርብም»፣ «ፎቶዋ ይኸው» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ቆማ ስትሄድ እዩዋት፤ ከኋላዋ የምትወላገድ ከሆነ ልብ በሉ። ጎኗን በእጃችሁ ዳብሱ። የምትተኛበትን ቦታ፣ የምትጠጣበትን ዕቃ ተመልከቱ። ዕድሜዋንና የወሊዷን ቁጥር ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለምትቀልባት ሠራተኛም ጠይቁ፤ እውነቱን የምታውቀው እሷ ናት። መልሱ ካልጣማችሁ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ትታችሁ ውጡ፤ እናንተ የከፈላችሁት ብር ለሚቀጥለው ስሪያዋ ነው የሚውለው። የሙያ ባልደረቦቼም፣ እናትየዋን ባላያችሁበት ቤት በቡችላ ካርድ ላይ አትፈርሙ።